ስለ 2,147,483,647 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ቁጥር እንዴት ይነበባል? በግዕዝ ቁጥርስ እንዴት ይጻፋል?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ተብሎ ይነበባል። አሥር አኃዞች ሲኖሩት ከመካከላቸው ዜሮ የለም። በግዕዝ ቁጥር ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የግዕዝ አቆጣጠር ከሺህና ከሚሊዮን ይልቅ በመቶና በእልፍ (በአሥር ሺህ) ስለሚሄድ፣ በስተግራ ያለው ፳፩ ሃያ አንድ ጊዜ እልፍ እልፋትን፣ መካከለኛው ክፍል 4,748 እልፎችን፣ የመጨረሻው ደግሞ 3,647ን ያመለክታል።

ለሒሳብ ሥራ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አጻጻፍ አጭሩ ነው፦ 2³¹ − 1። ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝተን ከውጤቱ ላይ አንድ ብንቀንስ የምናገኘው ይህንኑ ቁጥር ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመነጩት ከዚህ ቅርጽ ነው።

ብቸኛ ቁጥር ነው ይባላል። ምን ማለት ነው?

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከአንድ የሚበልጥና ከአንድና ከራሱ በስተቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 11 ብቸኛ ናቸው፤ 15 ግን የ3 እና የ5 ብዜት ስለሆነ ብቸኛ አይደለም። 2,147,483,647ም ቀሪ ሳይተው የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር የለም። ከ2 ጀምረን ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ ብንቆጥር እርሱ የምንደርስበት 105,097,565ኛው ሆኖ ነው።

በትምህርት ቤት በተማርናቸው ቀላል ደንቦች ትናንሾቹን አካፋዮች ወዲያው ማስወገድ ይቻላል። በ7 ስለሚያበቃ 2 እና 5 አያካፍሉትም፤ የአኃዞቹ ድምር 46 ስለሆነና 46 በ3 ስለማይካፈል 3ም አያካፍለውም። ከዚያ በኋላ ግን አቋራጭ የለም፤ ደንብ የማያውቅ ሰው እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር፣ ማለትም እስከ 46,340 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ማካፈል ይኖርበታል። እነዚህ ከ4,700 በላይ ናቸው።

31 ብቸኛ ስለሆነ 2³¹ − 1 ብቸኛ መሆኑ የግድ አይደለምን?

አይደለም። ይህ በተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። እውነት የሆነው የተገላቢጦሹ ነው፦ አርቢው (በ2³¹ ላይ 31 የሆነው፣ ሁለት ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚያሳየው ቁጥር) ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ 2⁶ − 1 ማለትም 63 በሁለትዮሽ አጻጻፍ 111111 ነው፤ ስድስቱን አንዶች ሦስት ሦስት አድርገን ብንከፍላቸው 111 × 1001 ይሆናሉ፣ ይኸውም 7 × 9 ነው። አርቢው ወደ እኩል ክፍሎች የሚከፈል ከሆነ የአንዶቹም ሰልፍ እንዲሁ ይከፈላል።

አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን ዋስትና አይሰጥም። 11 ብቸኛ ቢሆንም 2¹¹ − 1 = 2,047 = 23 × 89 ነው። ከ31 የማይበልጡትን ብቸኛ አርቢዎች ሁሉ ብንፈትሽ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19 እና 31 ብቸኛ ቁጥር ያስገኛሉ፤ 11፣ 23 እና 29 አያስገኙም። የእኛ ቁጥር በዚህ ወገን ስምንተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ወገን አባላት የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ።

ብቸኛ መሆኑን መጀመሪያ ያረጋገጠው ማን ነው?

ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ማረጋገጫውን እ.ኤ.አ. በ1772 ለበርኑሊ ቤተሰብ አባል ለሆነው ለዮሐን በርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አስታወቀ። በዚያ ጊዜ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረ ሲሆን የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።

ቁጥሩ ብቸኛ ነው ብለው የተናገሩ ግን ከእርሱ በፊትም ነበሩ። የቦሎኛው ሊቅ ፒዬትሮ ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው ሥራ 17 እና 19 የተባሉት አርቢዎች ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ በትክክል ካሳየ በኋላ፣ 23፣ 29፣ 31 እና 37ም እንዲሁ ናቸው አለ። ከአራቱ ትክክል የሆነው አንዱ፣ 31 ብቻ ነበር፤ በ23 እና በ37 መሳሳቱን ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ፣ በ29 መሳሳቱን ደግሞ ኦይለር ራሱ አሳይተዋል። መነኩሴው ማረን መርሴንም እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 31ን በትክክል ቢያስገባም፣ የማይገባቸውን 67 እና 257 ጨምሮ፣ የሚገባቸውን 61፣ 89 እና 107 ረስቷል። ስያሜው ለመርሴን መሰጠቱ በዚህ ረገድ ትንሽ የሚያስገርም ነው፤ ሆኖም የአውሮፓን ሊቃውንት በደብዳቤ እያገናኘ ጥያቄውን ሕያው ያደረገው እርሱ መሆኑ አይካድም።

መገመትና ማረጋገጥ የተለያዩ ስለሆኑ ክብሩ ለኦይለር ይሰጣል።

ኦይለር ያለ ኮምፒውተር እንዴት ሊያረጋግጥ ቻለ?

ይህ በገጹ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀውና ትዕግሥቱንም የሚክሰው ነው። ኦይለር በሺህ የሚቆጠሩ አካፋዮችን እየተከተለ ከመሞከር ይልቅ፣ ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር ምን ዓይነት ጠባይ ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድሞ መረመረ።

እንዲህ ያለ አካፋይ አለ እንበልና «መ» ብለን እንጥራው። መ 2³¹ − 1ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፣ 2³¹ በመ ሲካፈል ቀሪው 1 ይሆናል። የሁለትን ርቢዎች፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን በመ እያካፈልን ቀሪዎቻቸውን ብንመዘግብ ቀሪዎቹ የሆነ ቦታ ላይ 1 ይደርሱና ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይደግማሉ። የዚህ ዙር ርዝመት፣ ቀሪውን 1 የሚያደርግ ማንኛውንም አርቢ ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት። ስለዚህ 31ን ያካፍላል፤ 31 ብቸኛ ስለሆነም ርዝመቱ 1 ወይም 31 ነው። 1 ሊሆን አይችልም፤ 2 በመ ሲካፈል 1 ቀሪ አይሰጥምና። እንግዲያስ ዙሩ 31 ነው። በሌላ በኩል ፌርማ ያገኘው ታዋቂ ሕግ፣ የሁለት አርቢ መ − 1 ሲሆንም ቀሪው 1 እንደሚሆን ይነግረናል፤ ስለዚህ 31 መ − 1ንም ያካፍላል። መ ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ መ − 1 ሙሉ (በ2 የሚካፈል) ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ መ − 1 የ62 ብዜት መሆን አለበት። ይህ ሕግ ለሌሎቹም ይሠራል፤ ከላይ ያየናቸውን የ2,047 አካፋዮች ብንወስድ 23 = 22 + 1፣ 89 ደግሞ 4 × 22 + 1 ነው፣ 22ም የ11 እጥፍ ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ ደግሞ ይበልጥ ረቂቅ ነው። 2³¹ ቀሪው 1 ከሆነ 2³² ቀሪው 2 ይሆናል። 2³² ግን የ2¹⁶ ዳግም ርቢ ነው፤ ስለዚህ በመ ሲካፈል 2 ቀሪ የሚሰጥ ዳግም ርቢ አለ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው መ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለቱን ማጣሪያዎች ስናጋጥማቸው መ ሊሆን የሚችለው ከሁለት ዓይነት አንዱን ነው፦ 248 × ቀ + 1 ወይም 248 × ቀ + 63፤ «ቀ» ከ1 ጀምሮ የሚቆጠር ሙሉ ቁጥር ነው። እስከ 46,340 ድረስ ከእያንዳንዱ ዓይነት 186፣ በድምሩ 372 ቁጥሮች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ (249 የ3 እና የ83፣ 497 ደግሞ የ7 እና የ71 ብዜት ነው) መሞከር አያስፈልጋቸውም፤ የሚቀሩት ከመቶ በታች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 311፣ 1,303 እና 1,489 ናቸው። በ311 ስናካፍል ድርሻው 6,905,092 ሆኖ 35 ይተርፋል፤ ሌሎቹም እንዲሁ አንድ በአንድ ቀሪ ይተዋሉ። በወረቀትና በብዕር ከ4,700 በላይ ማካፈልን ወደ መቶ ገደማ ያወረደው ይህ አስተሳሰብ ነው። ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ የሚደንቀው ይህ የመንገዱ ማጠር ነው።

ዛሬስ በምን ዘዴ ይረጋገጣል?

የመርሴን ቁጥሮችን ለመፈተን ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በ19ኛው መቶ ዓመት የጀመረውና አሜሪካዊው ዴሪክ ሌህመር እ.ኤ.አ. በ1930 ያሻሻለው ፈተና አለ። ከ4 ይነሣል፤ በየእርምጃው የያዝነውን ቁጥር ዳግም ርቢ ወስደን 2 እንቀንስለታለን፣ ውጤቱን በሚፈተነው ቁጥር አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። የእርምጃዎቹ ብዛት ከአርቢው በ2 ያንሳል። በመጨረሻው እርምጃ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ብቸኛ አይደለም።

በትንሹ ለማየት 2⁵ − 1 = 31ን እንፈትን። ከ4 ተነሥተን 16 − 2 = 14 እናገኛለን፤ ከ14 ደግሞ 196 − 2 = 194 እናገኛለን፣ ይህም በ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ ከ8 64 − 2 = 62 ይመጣል፣ 62 በ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ነው። በሦስት እርምጃ 31 ብቸኛ መሆኑ ታወቀ። ለ2,147,483,647 የሚያስፈልጉት 29 እርምጃዎች ናቸው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው በመደመሪያ ማሽን በአንድ ከሰዓት ሊጨርሳቸው ይችላል።

ከፍጹም ቁጥር ጋር ያለው ዝምድና ምንድን ነው?

ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን መልሰው የሚሰጡ ቁጥር ነው። 6 = 1 + 2 + 3 ነው፤ 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14 ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ኤውክሊድ እንዳሳየው፣ 2ን የሆነ ጊዜ አርብተን 1 ስንቀንስ ብቸኛ ቁጥር ካገኘን፣ ያንን ብቸኛ ቁጥር በአንድ ዝቅ ባለው የ2 ርቢ ስናባዛው ፍጹም ቁጥር ይሆናል። በእኛ ቁጥር ይህን ብናደርግ 2³⁰ × 2,147,483,647 = 2,305,843,008,139,952,128 እናገኛለን። ይህ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው። በ2 የሚካፈሉ ፍጹም ቁጥሮች በሙሉ የግድ በዚህ መንገድ የሚገኙ መሆናቸውን ያረጋገጠውም ይኸው ኦይለር ነው። በ2 የማይካፈል ፍጹም ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ ሊኖር አይችልም የሚል ማረጋገጫም የለም።

ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ሆኖ የቆየው እስከ መቼ ነው?

ለ95 ዓመታት። እ.ኤ.አ. በ1867 ፎርቹኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ፣ 2⁵⁹ − 1ን ሲተነትን ካገኛቸው አካፋዮች አንዱ የሆነው 3,203,431,780,337 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። በዚህ መካከል እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ከላይ ስለጠቀስነው ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ እነዚህ ቁጥሮች ለጉጉት እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ ማንም ከዚህ የሚበልጥ ለመፈለግ አይነሣም የሚል ግምት ሰጥቶ ነበር። ግምቱ ከንቱ ሆነ። ሉካ እ.ኤ.አ. በ1876 የ39 አኃዞቹን 2¹²⁷ − 1 ብቸኛነት አረጋገጠ፤ ሩሲያዊው ቄስ ኢቫን ፔርቩሺን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1883 በ2⁶¹ − 1 ላይ ይህንኑ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታወቀውና አርቢው 136,279,841 የሆነው የመርሴን ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዞች አሉት።

ጎረቤቶቹስ ምን ዓይነት ናቸው?

ከእርሱ በፊት ያለው ብቸኛ ቁጥር 2,147,483,629፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ደግሞ 2,147,483,659 ነው። ስለዚህ በሁለት ብቻ የሚርቅ መንታ የለውም። ሁለት ስንጨምርበት 2,147,483,649 = 3 × 715,827,883 ይሆናል፤ የሚገርመው 715,827,883 ራሱ ብቸኛ ነው።

አንድ ስንቀንስበት የምናገኘው 2,147,483,646 ደግሞ እጅግ ይበታተናል፦ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። ከዚህም የተነሣ ቁጥራችን በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ31፣ በ151 ወይም በ331 ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። በ4 ሲካፈል ደግሞ 3 ስለሚተርፈው የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር አድርጎ ሊጽፈው የሚችል የለም።

በኮምፒውተር ላይ ይህ ቁጥር በየቦታው የሚታየው ለምንድን ነው?

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው 0 እና 1 ብቻ በሚይዙ ቦታዎች፣ ማለትም በቢቶች ነው። ለረጅም ዘመን የተለመደው የቁጥር ማስቀመጫ 32 ቢት ነበር። ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑን ለመለየት ሲውል ለመጠኑ የሚቀሩት 31 ናቸው። 31 ቦታዎች ሁሉ በ1 ሲሞሉ የሚገኘው ከፍተኛ ቁጥር 2³¹ − 1 ነው። በአሉታዊው በኩል ግን እስከ −2,147,483,648 ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ዜሮ ከአዎንታዊዎቹ ወገን አንድ ቦታ ስለሚወስድ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ይለያያሉ።

ለኮምፒውተር ገደብነት የተመረጠው ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ነውን?

በፍጹም። ማንም አልመረጠውም፤ የቢቶቹ ብዛት ያመጣው ነው። ይህን ለማየት የሌሎቹን ማስቀመጫዎች ገደብ መመልከት ይበቃል። የ8 ቢት ገደብ 127 ብቸኛ ነው፤ የ16 ቢት ገደብ 32,767 ግን 7 × 31 × 151 ነው፤ የ64 ቢት ገደብ 9,223,372,036,854,775,807 ደግሞ፣ አርቢው 63 ብቸኛ ባለመሆኑ፣ በ7ም በ73ም በ127ም ይካፈላል። ኮምፒውተሮቹ በሁሉም እኩል ይሠራሉ። የ32 ቢት ገደብ ብቸኛ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ይህ አጋጣሚ ግን ከታች እንደምናየው በአንድ ቦታ ጠቅሟል።

ገደቡ ላይ አንድ ቢጨመር ምን ይሆናል?

በብዙ ሥርዓቶች ላይ ቆጣሪው ከከፍተኛው አዎንታዊ ቁጥር ወደ ዝቅተኛው አሉታዊ፣ ማለትም ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል። ሠላሳ አንዱም አንዶች ወደ ዜሮ ይለወጣሉ፣ የምልክቱ ቢት ደግሞ 1 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 መጀመሪያ ላይ ዩቲዩብ የአንድ ደቡብ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ የተመልካቾች ቁጥር ይህን ገደብ በማለፉ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን አስታውቋል።

እ.ኤ.አ. ከ2038 ጋር ስሙ የሚነሣው ለምንድን ነው?

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች በመደመር ነው። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። ይህ ቆጣሪ በ32 ቢት የተቀመጠ ከሆነ የሚችለው 2,147,483,647 ሴኮንዶችን ብቻ ነው፤ ይህም 24,855 ቀናት ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። ቆጣሪው የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በሚቀጥለው ሴኮንድ ያልተስተካከለ ማሽን ራሱን እ.ኤ.አ. በ1901 ውስጥ ያገኘዋል።

ዕለቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንመልሰው ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይሆናል፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። በጥምቀት ማለዳ፣ ሕዝቡ በየባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ባለበት ሰዓት መሆኑ ነው። ለሥርዓት አስተዳዳሪዎች ግን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል፤ በዓል የዋለ ቀን የጥገና ባለሙያ የሚገኝበት ቀን አይደለም። መፍትሔው ጊዜን በ64 ቢት መቁጠር ነው፤ አዳዲሶቹ ሥርዓቶች ይህን አድርገዋል፣ አሳሳቢ የሆኑት በየመሣሪያው ውስጥ ተቀብረው የቀሩት አሮጌዎቹ ናቸው።

ብቸኛ መሆኑ በተግባር የጠቀመበት ቦታ አለ?

አለ፤ እርሱም በዘፈቀደ የወጡ የሚመስሉ ቁጥሮችን በኮምፒውተር ለማመንጨት ነው። በሌህመር ሐሳብ ላይ በተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ1969 በተጠቆመው ዘዴ መሠረት፣ የያዝነውን ቁጥር በ16,807 እናባዛለን፣ ውጤቱን በ2,147,483,647 አካፍለን ቀሪውን እንወስዳለን። ከ1 ብንነሣ የምናገኘው 16,807፣ ከዚያም 282,475,249፣ ከዚያም 1,622,650,073 እያለ ይቀጥላል። ሥርዓት የሌለው ይመስላል፣ ነገር ግን ከተመሳሳይ መነሻ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ሰልፍ ይወጣል።

16,807 በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በብቸኛ ቁጥር ስናካፍል ሁልጊዜ ርቢዎቹ ከ1 ጀምሮ ከብቸኛው ቁጥር በአንድ እስከሚያንሰው ድረስ ያሉትን ቀሪዎች ሁሉ፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ የሚጎበኙ ቁጥሮች ይኖራሉ። ለ2,147,483,647 እንዲህ ካሉት ትንሹ 7 ነው። 16,807 ደግሞ 7 በአምስት ሲረባ የሚገኝ ነው። ይህ ጠባይ በርቢው ላይ የሚቀጥለው አርቢው ከ2,147,483,646 ጋር የጋራ አካፋይ ከሌለው ነው፤ ከላይ በዘረዘርናቸው የዚህ ቁጥር አካፋዮች መካከል 5 ስለሌለ ምርጫው ትክክል ሆኗል። ስለዚህ ሰልፉ ሳይደግም 2,147,483,646 እርምጃ ይሄዳል። አባዢው 2 ቢሆን ኖሮ፣ በኦይለር ማረጋገጫ ላይ እንዳየነው፣ ከ31 እርምጃ በኋላ ወደ መነሻው ይመለስ ነበር።

የቁጥሩ ሁለት ጠባዮች በአንድነት የሚሠሩት እዚህ ነው። ብቸኛ መሆኑ ሙሉውን ዙር ይሰጣል፤ ከ2 ርቢ በአንድ ማነሱ ደግሞ ማካፈሉን ራሱን ያስቀራል። 2³¹ በዚህ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ረጅሙን ውጤት ከ31ኛው ቢት ላይ ቆርጦ የላይኛውን ክፍል ከታችኛው ጋር መደመር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ፓርክና ሚለር፣ ሌሎች ማመንጫዎች ቢያንስ ከዚህ ማነስ እንደሌለባቸው አድርገው ካቀረቡት በኋላ ዘዴው በሰፊው ተሠራጭቷል። ዛሬ ለከባድ ጥናት የሚሆኑ የተሻሉ ዘዴዎች አሉ።

ለምስጢር መጠበቂያ ሊያገለግል ይችላል?

አይችልም። በሰፊው ከሚሠራባቸው የምስጢር መጠበቂያ ዘዴዎች አንዳንዶቹ እያንዳንዳቸው ከ300 በላይ አኃዞች ያሏቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ይጠቀማሉ። አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር መተንተን ለእጅ ስልክ እንኳ የቅጽበት ሥራ ነው።

ቁጥሩን ራሱን አርቢ ብናደርገውስ?

ይህን ጥያቄ የሚያስነሣው ውብ ሰንሰለት ነው። 31 ራሱ 2⁵ − 1 ነው፤ ስለዚህ የእኛ ቁጥር ከመርሴን ብቸኛ ቁጥር የተወለደ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው። አርቢው 3 ሲሆን 7፣ አርቢው 7 ሲሆን 127፣ አርቢው 31 ሲሆን 2,147,483,647፣ አርቢው 127 ሲሆን ደግሞ የሉካ ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ይገኛል፤ አራቱም ብቸኛ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ሁሉም የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች አርቢ ሲሆኑ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ ብለው የጠበቁ ነበሩ።

ነገር ግን 2ን 2,147,483,647 ጊዜ አርብተን 1 ብንቀንስ የሚገኘው ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዞች ያሉት ቁጥር ብቸኛ አይደለም። 295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ይህም አካፋይ የኦይለርን ማጣሪያ ያከብራል፦ ከላዩ 1 ብንቀንስ የሚቀረው የአርቢው እጥፍ በ68,745 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። አርቢው 13፣ 17 እና 19 ከሚሰጡት የመርሴን ቁጥሮች አንዱ በሚሆንበት ጊዜም እንዲሁ አካፋይ ተገኝቷል። ቀጣዩ፣ አርቢው 2⁶¹ − 1 የሆነው ቁጥር፣ ብቸኛ ይሁን አይሁን እስካሁን አልታወቀም።